ኦልሬዲ

አብነት ታክሲ መያዣው ጋ፣ ስልክ ከሚያወራ ሰው አጠገብ ትንሽ ቆም ማለት አንድ ክፍለ ጊዜ ሰዋስው እንደመማር ነው። ረዳቱ በሩን ይዞ «ኮካ! ጦር ኃይሎች! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። መኪናው ውስጥ ያሉት ሹፌሩና ዘንቢል ያቀፉ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ስልክ የሚያወራው ሰውዬ ጩኸቱ እንዳያጋልጠው አፉን በመዳፉ ጋርዶ፣ በረጋ፣ እንዲያውም ትንሽ ቅር ባለው ድምፅ «ኧረ ኦልሬዲ ደርሻለሁ!» ይላል። የሚጠብቀው ሰው ያለው ሜክሲኮ ነው። ረዳቱ ይህን ሰምቶ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ግን አይስቅም። የሙያ ባልደረቦች ናቸዋ! አንዱ ባዶ መኪና ሞልቷል፣ ሌላው ሳይነሣ ደርሷል።

ይህች «ኦልሬዲ» ድሮ የቢሮ ሰው ነበረች። ከረባት ካሰረ ሰው አፍ ካልሆነ አትወጣም፤ «ደብዳቤው ኦልሬዲ ወጪ ሆኗል»፣ «ጉዳዩ ኦልሬዲ ታይቷል» እየተባለች ከመዝገብ ቤት እስከ ኃላፊው በር ስትመላለስ ኖረች። ከዚያ ኤፍኤም ሬዲዮ ላይ ወጣች። ከሬዲዮ ወርዳ ታክሲ ተሳፈረች። አሁን መርካቶ ገብታ ከሸራ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ ያላዳረሰችው ሱቅ የለም። መንገድ ላይ መልኳ ትንሽ ተጎድቷል፤ «ኦልረዲ» የሚላት አለ፣ «ኦሬዲ» የሚላት አለ፣ «አልሬዲ» ብሎ ከአልኮል ጋር ሊያዛምዳት የሚቃጣውም አለ። ትርጉሟን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል።

በትክክል ስትነገር የሰማኋት አብነት አስፋልቱ ዳር ጀበና ቡና ከምትሸጥ ልጅ ነው። ሲኒውን ሰጥታኝ ማንኪያ ስፈልግ ብታየኝ «ስኳር ኦልሬዲ አለው» አለች። ቀመስኩት። እውነቷን ነው፤ ከቡናው ስኳሩ ይበልጣል። ቃሏ በተነገረችበት ቅጽበት ነገሩም ተፈጽሞ መገኘቱ ስላልተለመደብኝ ያን ሲኒ በአክብሮት ነው የጨረስኩት።

እንቆቅልሹ አማርኛ ለዚህች ቃል ክፍት የሥራ ቦታ ያልነበረው መሆኑ ነው። «ደርሻለሁ» ያለ ሰው ደርሷል፤ አለቀ። ያቺ የግሱ ጭራ፣ «አለሁ» የምትለዋ፣ መድረሱ መፈጸሙን ብቻ ሳይሆን ሰውየው አሁንም እዚያው መኖሩን ትመሰክራለች። ይህ አልበቃ ካለ «እኮ» አለችልን። «ደርሻለሁ እኮ!» ብሎ የተናገረ ሰው መድረሱንም፣ መጠበቁንም፣ ደጋግመው በመደወላቸው መናደዱንም ባንዲት ፊደል ተኩል ጨርሷል። ለመገረም ሲሆን ደግሞ «ገና ካሁኑ» አለ፤ አቀበቱ ሳይጀመር ቁና ቁና የሚተነፍሰውን «ገና ካሁኑ ደከመህ?» ማለት ነው። ዜና አንባቢው «ከወዲሁ» አለው። ግዕዝማ ጉዳዩን ከጥንት ጀምሮ አስቦበታል፤ «ጨረሰ» የሚለውን «ወድአ»ን ከሌላ ግስ ፊት ያቆምና ልክ ይህንኑ ሥራ ያሠራው ነበር።

የቋንቋ ሊቁ ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በተባለው መጽሐፋቸው በአማርኛ ራሳቸውን ችለው ተውሳከ ግስ የሚሆኑ ቃላት ጥቂት መሆናቸውን ያስረዳሉ፤ «ገና»፣ «ቶሎ»፣ «ክፉኛ» እና ጥቂት ዘመዶቻቸው። ልብ በሉ፤ «ገና» ከነባሮቹ አንዷ ናት። ላልሆነው ነገር የሚያገለግለው ቃል የገዛ ልጃችን ሆኖ ለሆነው ነገር የሚያገለግለውን ከውጭ አስመጣን። እኔ እዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ግን ልለፈው።

እንዴት ገባች? መርካቶ በቃል ንግድ አዲስ አይደለም። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባት አዲስ አበባ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ አሁን ወዳለበት ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው ስሙን እንኳ ከነቋንቋው ነው የተወልን። ካቻቢቴም፣ ፍሪሲዮንም፣ ጎሚስታም፣ ማኪያቶም የመጡት ከዚያው ነው። ግን እዩአቸው! ሁሉም ወይ በእጅ ይያዛሉ፣ ወይ በእግር ይረገጣሉ፣ ወይ ይጠጣሉ፣ ወይ ጎማ ይለጥፋሉ። ጣልያን ተውሳከ ግስ የሚባል ነገር ጥሎልን የሄደ አይመስለኝም። ያን ያመጣው ከ1933 በኋላ ፈረንሳይኛን ገፍቶ ትምህርት ቤቱን የያዘው እንግሊዝኛ ነው። በ1955 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ባንድ ጊዜ መጥተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለማስተማር ተበተኑ። እንግሊዝኛን እንደ ደንቡ የተማረ ሁሉ «ኦልሬዲ» ከየትኛው ምዕራፍ ጋር እንደምትመጣ ያውቃል። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ኢትን» ብሎ ይጽፋል፤ በልቻለሁ ማለቱ ነው። ከማለዳ ጀምሮ እህል በአፉ ያልዞረ ክፍል በሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ኢትን!» እያለ ይደግማል። ቃሏ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጋ ማውራት የለመደችው ያኔ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሰፈሩ ስሙ አብነት ስለሆነ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብኝም። እዚያው አካባቢ ወደ ክፍለ ሀገር ዕቃ የሚልክ አንድ ቤት አለ። ደብረ ማርቆስ ላለችው እህቴ አንድ ካርቶን ዕቃ አስረክቤ፣ በማግሥቱ ጠዋት ብደውል «ኦልሬዲ ተጭኗል» አሉኝ። ደስ አለኝ። እህቴንም ደውዬ አስደሰትኳት። ከሰዓት በኋላ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ፣ እግረ መንገዴን መቼ እንደሚደርስ ልጠይቅ ብዬ ጎራ አልኩ። በሩ ላይ አንድ ልጅ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ፓስቲውን በሻይ እያጠቀሰ ይበላል።

«የደብረ ማርቆሱ ዕቃ የት ደረሰ?» አልኩት።

«እሱ ኦልሬዲ ወጥቷል ጋሼ» አለኝ ጉንጩ እንደሞላ። «አሁን ጎሀ ጽዮንን ሳያልፍ አይቀርም።»

ካርቶኑ ጎን ላይ በወፍራም ማርከር የተጻፈ ጽሕፈት አለ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። የእህቴ ስም ከነስልክ ቁጥሯ ከላይ፣ ከተማው ከታች። የልጁ ተረከዝ «ደብረ» የሚለውን ሸፍኖታል፤ «ማርቆስ» ግን ወለል ብሎ ይታያል።

«ልጄ፣ የተቀመጥክበት ምንድነው?»

ጎንበስ ብሎ በሁለት እግሮቹ መካከል ተመለከተ። አልደነገጠም። ፓስቲውን ዋጥ አደረገና ተነሣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገልኝ፤ አነበበው። «አዎ፣ እሱ ራሱ ነው» አለኝ። «ኦልሬዲ ተመዝግቧል እኮ! በወረቀት ወጥቷል ጋሼ፤ በአካል ብቻ ነው የቀረው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ልጅ ዋሾ ይለው ነበር። እኔ አልለውም። መጀመሪያ ነገር፣ እንግሊዝኛው ራሱ ጥንት ሁለት ቃል ነበር፤ «ሁሉ» እና «ዝግጁ» ተጣብቀው ነው አንድ የሆኑት። ከካርቶኑ በላይ ለዚህ ትርጉም የቀረበ ነገር ከየት ይመጣል? ታሽጓል፣ ተጽፎበታል፣ ተመዝግቧል፣ ሒሳቡ ተከፍሏል። ሁሉ ዝግጁ ነው። የቀረው ቢኖር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ ሳያውቀው ቃሏን ወደ አባቶቿ ርስት መልሷታል።

ሁለተኛ ነገር፣ የልጁን አነጋገር አማርኛችን ራሱ ከጥንት ጀምሮ ሲያለማምደን ኖሯል። ከጓዳ ሲጠሩን «መጣሁ!» የምንለው ከተቀመጥንበት ሳንንቀሳቀስ አይደለም? እንግዳው «በሉ ሄድኩ» ብሎ ነጠላውን ካስተካከለ በኋላ ስንት ሲኒ ቡና ነው የሚጠጣው? ገና የምናስበውን ነገር እንዳለፈ አድርጎ መናገር ጨዋነት ነው፤ ልቤ ተነሥቷል፣ እግሬ ነው የቀረው ማለት ነው። መሬቱ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ «ኦልሬዲ» ላዩ ላይ ተዘራች።

ግን ለምን አስፈለገች? የእኔ ግምት እንዲህ ነው። መርካቶ ለወደፊቱ ዋስ አላጣም። «ነገ ይገባል?» ሲባል አንዱ «ኢንሻአላህ»፣ ሌላው «እግዚአብሔር ካለ» ብሎ ይገላገላል፤ ባይገባ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም። ላለፈው ነገር ግን ዋሱ መሐላ ብቻ ነበር። «ልከሃል?» ሲባል «ወላሂ ልኬአለሁ!» ወይም «ራጉኤልን ልኬአለሁ!» ማለት ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ እዚያው ገበያው መካከል ተጎራብተው ቆመዋል፤ የማለው ሰው ምሳውን ሊበላ ሲወጣ በደጃቸው ነው የሚያልፈው። «ኦልሬዲ» የመጣችው ይህን ክፍተት ልትሞላ ነው። የመሐላ ክብደት ያላት ትመስላለች፤ ትንሽ የተማረ ሰው ሽታ አላት፤ በእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ የማለን ደግሞ የሚቀስፍ ታቦት የለም።

ሌላም ጥቅም አላት፤ «መቼ» የሚለውን ጥያቄ ትዘጋለች። «እየተጫነ ነው» ብትሉኝ መቼ ያልቃል እላለሁ። «ሊጫን ነው» ብትሉኝ በስንት ሰዓት እላለሁ። «ኦልሬዲ ተጭኗል» ስትሉኝ ግን ምን እላለሁ? አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ልጁም ፓስቲውን በሰላም ይበላል።

«ኦልሞስት» የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። ገጠር ያደገች፣ ዓይነ አፋር፣ እውነተኛ ልጅ ናት። ሁለቱን ብታነጻጽሩ ርቀቱ የተገላቢጦሽ ነው። «ኦልሞስት ደርሻለሁ» ያላችሁ ሰው በእርግጥ ቅርብ ነው፤ መስታወቱን አውርዶ እያያችሁ ሊሆን ይችላል። «ኦልሬዲ ደርሻለሁ» ያላችሁ ግን ካልሲውን አንዱን አግኝቶ አንዱን እየፈለገ ነው። ልብስ ሰፊውም እንዲሁ ነው። «ኦልሞስት አልቋል» ካለ ቁልፍ ቀርቶታል፤ «ኦልሬዲ አልቋል» ካለ ጨርቁን ራሱ ፈልጉት።

«አክቹዋሊ»ን ዛሬ አላነሣትም። እሷ እምቢታን በጥጥ ጠቅልላ የምታመጣ ሌላ ጣጣ ናት። «አክቹዋሊ ዋጋው ትንሽ ጨምሯል» ሲባል ኪሳችሁን ያዙ፤ ለእሷ ያለኝ ምክር ይኸው ነው።

በዓለም ላይ «ኦልሬዲ»ን ያለ ሙያዋ የቀጠርናት እኛ ብቻ እንዳልሆንን ደግሞ መናገር ፍትሐዊ ነው። የኒው ዮርክ ሰዎች በአይሁዶች ቋንቋ በዪዲሽ ተጽዕኖ የተነሣ «ኢነፍ ኦልሬዲ!» ይላሉ፤ ስለ ጊዜ ሳይሆን ስለ ትዕግሥት ማለቅ ነው፤ «በቃ እንግዲህ!» እንደማለት። ሲንጋፖሮች ደግሞ «አይ ኢት ኦልሬዲ» ብለው ቃሏን መጨረሻ ላይ ይለጥፏታል። በቻይንኛ የነገርን መፈጸም የምታሳይ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስላለች እሷን ተክታ እንድትሠራ ነው፤ እኛ «በልቻለሁ» ስንል ጭራዋ የምትሠራውን ሥራ ማለት ነው። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹም ከየትኛው የግስ ጊዜ ጋር ትሂድ በሚለው ነገር ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። እንግዲህ ባለቤቶቹ ያልተስማሙባትን ቃል አብነት ላይ እንደየጉዳዩ ብንገለገልባት ማን ይፈርድብናል?

አሁን አሁን ግን ጠላት ተነሥቶባታል። ገንዘብ በስልክ የሚላክበት ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ሥራ ሲጀምር ስለ ተውሳከ ግስ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ውጤቱን ለማየት አንድ የጨርቅ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ክርናችሁን አስደግፋችሁ ቁሙ። ገዢው የጣቃውን አንድ ጫፍ ይዟል፣ ነጋዴው ሌላውን። «ኦልሬዲ ልኬልሃለሁ» ይላል ገዢው። ነጋዴው ስልኩን ያያል። ከቴሌብሩ ቁጥር ከ127 የመጣ መልእክት የለም። «ኔትወርክ ነው» ይላል ገዢው። «ይሆናል» ይላል ነጋዴው፤ ጣቃውን ግን አይለቅም። ገዢው ስልኩን አዙሮ ያሳያል፤ ነጋዴው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በትሕትና ያየዋል፤ ከዚያ «ወንድሜ፣ ኦልሬዲህን አልጠላሁትም፤ ብቻ የእኔ ስልክ ድምፅ ያሰማ» ይላል። ሁለቱም የሚስቱን ምጥ እንደሚጠብቅ ባል ዝም ብለው ይቆማሉ። ድንገት ስልኩ «ጢን» ይላል። ጣቃው ይለቀቃል፤ ምርቃት ይከተላል። ስልኳ አማርኛም እንግሊዝኛም ሳታውቅ «ጢን» ብላ የምትናገረው ነገር ነው ዛሬ መርካቶ ውስጥ እውነተኛው ያለፈ ጊዜ።

በቢሮ በኩል ግን ሰላም አትሰጥም፤ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ልያዘው። ባለጉዳይ ከሩቅ መጥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ መስኮት ላይ ደርሶ «ፋይልህ ኦልሬዲ ወደ ላይ ተልኳል» ሲባልና ፎቅ ሲወጣ «ኦልሬዲ ወደ ታች ተመልሷል» ሲባል ቃሏ ጨዋታነቷ ይቀራል። ካርቶን ላይ የተቀመጠው ልጅ ቢያንስ ተነሥቶ አንብቧል፤ አቧራውንም ጠርጎልኛል።

ከቴሌብርም የባሰባት ስልክ ያለንበትን ቦታ በነጥብ የሚያሳይበት ላይቭ ሎኬሽን ነው። አንድ ወዳጄ አብነት እንድንገናኝ ቀጥሮኝ ነበር። መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በአትክልት ተራ፣ በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛ አድርጎ አብነት ይቆም ነበር፤ እሱም በባቡር ነው የምመጣው ብሎኛል። ፌርማታው ላይ ቆሜ ደወልኩ። «ሰባተኛን ኦልሬዲ አልፌያለሁ» አለ። ባቡሩ መጣ። ሰው እንደ ጆንያ ተፈንቅሎ ወረደ፤ ወዳጄ የለበትም። «ሎኬሽን ላክልኝ» አልኩት። እምቢ ማለት ይከብዳልና ላከ። ነጥቧ ጎጃም በረንዳ ላይ ናት።

«ነጥቧ ጎጃም በረንዳ ናት» አልኩት።

«አትመናት፤ ኔትወርክ ስለደከማት ወደኋላ ቀርታ ነው። እኔስ ኦልሬዲ ደርሻለሁ።»

ነጥቧ በዚህ መካከል መንቀሳቀስ ጀመረች፤ ወደ አውቶቡስ ተራ ሳይሆን ወደ አትክልት ተራ። አንድ የረሳው ነገር ሳይኖር አይቀርም።

«እና አሁን የት ነኝ ነው የምትለው?» አልኩት።

«አብነት።»

«እኔም አብነት ነኝ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከጀርባው የሽንኩርት ዋጋ የሚጠራ ሰው ድምፅ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ምን ያጨቃጭቀናል?» አለኝ። «ኦልሬዲ ተገናኝተናላ!»